የእንጦጦ ጥድና የጦርነት ዘመን መታሰቢያነቱ

በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 20 የጦርነት ሥርዐት ተጽፏል። በዚያም ሥርዐት መካከል ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ሕዝበ እስራኤል አንዲቱን ከተማ ለመያዝ ብዙ ቀን ከበው በሚሰፍሩበት ጊዜ በዙሪያዋ በሚገኘው ፍሬያማ ዛፍ ላይ ምሳር እንዳያነሡ የሚከለክል ነው። ዛፍ ጋሻ ይዞ የሚመክት አይደለምና ከጠላት ወገን ሊቈጠር አይገባውም የሚል ምክንያትም ተሰጥቶበታል። ለሰው የሚበላ ፍሬ የማይሰጠውን ዛፍ ግን ለምሽግ ሥራ ሊቈርጡት ይችላሉ። የእንጦጦ ጥድ ፍሬው ለሰው ምግብ አይሆንምና በዚህ ሕግ ቢመዘን ከተፈቀደው ወገን የሚገባ ነው። በተቈረጠም ጊዜ ሊያድነው የቻለ ከልካይ አልተገኘለትም፤ ብዙ ዘመንም ሳይቈይ ተራራው ራቁቱን ቀረ።

ዛሬ በየካ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው፥ ከኮተቤ በላይ ካለው ኮረብታ ጀምሮ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ራስጌ አልፎ እስከ እንጦጦ ማርያምና እስከ እንጦጦ ራጉኤል ድረስ ባሕር ዛፍ ተራራውን እንደ ካባ ደርቦት ያያል። ልጆችም ይህ ዛፍ ከጥንተ ፍጥረት ጀምሮ በዚያ የነበረ ይመስላቸዋል። አይፈረድባቸውም፤ አያቶቻቸውም ከዚህ በቀር አላዩም። ነገር ግን የዚህ ተራራ የተፈጥሮ ልብሱ ጥድ ነበረ። ከጥዱም ጋራ ወይራ፥ በከፍታው ስፍራም ኮሶ፥ ከሥራቸውም እንደ ቀጋና እንደ አጋም ያለ ቍጥቋጦ ይበቅል ነበር። ጥድ የደጋ ዛፍ ነው፤ ቁመቱ 30 ሜትርን ሊያልፍ ይችላል፤ እድገቱ እጅግ የዘገየ ሲሆን ዕድሜው ግን በመቶ ይቈጠራል። እንጨቱ መዓዛ ያለው ነው፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። ስለዚህ አባቶች ለቤተ መቅደስ ምሰሶና ለጣራ፥ ለደጅ መዝጊያና ለመስኮት ከወይራ ጋራ አስበልጠው የሚመርጡት እርሱን ነበር።

ይህ ተራራ ለጦርነት እንግዳ አይደለም። በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው፥ ዛሬ ጣራው ፈርሶ የሚታየው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፥ አዲስ አበባ ሳትቈረቈር ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በዚህ ስፍራ ክርስቲያን ሕዝብ ይኖር እንደ ነበረ ምስክር ነው። በእንጦጦ ራስ ላይም የጥንት የድንጋይ ቅጥር ፍራሽ ተገኝቷል፤ ትውፊትም ይህን ፍራሽ ከዐፄ ዳዊት ከተማ ጋራ ያያይዘዋል። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት የሸዋ አድባራት ሲቃጠሉና ሕዝቡ ሲበተን የነገሥታቱ ከተማ ከሰው ልብ ጠፋ፤ ስሙ ብቻ በአረጋውያን አፍ ቀረ።

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓመታት ከአንኮበር ተነሥተው ወደ እንጦጦ የመጡበት አንደኛው ምክንያት ይህ የጥንት ነገሥታት ዝና ነው። ሁለተኛው ግን የጦር ሰው ምክንያት ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፥ አገሩን ሁሉ አሻግሮ የሚያሳይ፥ ጠላት ሳይታይ ሊወጣው የማይችል ተራራ ነውና።

የዚያን ጊዜ ከተማ የጦር ሰፈር እንደ ነበረ አንባቢ ያስተውል። የንጉሡ አዳራሽ በመካከል ይሆናል፤ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነጭፍራቸው በየማዕርጋቸው በዙሪያው ይሰፍራሉ። ለወታደሩ የጎጆ መሥሪያና የአጥር እንጨት፥ ለእንጀራው መጋገሪያ፥ ለጠላው እንስራ ማጠኛ፥ ለሌሊቱም ብርድ የሚሞቀው እሳት ያስፈልገዋል። ሚስቱና ልጆቹ፥ አሽከሩም በቅሎውም አብረውት ናቸው። የእንጦጦን ብርድ የቀመሰ ሰው አንዲት ምድጃ በአንድ ክረምት ስንት ሸክም እንጨት እንደምትፈጅ ያውቃል፤ በሺሕ ለሚቈጠር ምድጃ ይህን አባዝቶ ማሰብ ነው። በአገራችን የቀደመ ልማድ እንዲህ ያለ ከተማ በአንድ ስፍራ ጥቂት ዓመት ተቀምጦ፥ በዙሪያው ያለው እንጨት ሲያልቅ ተነሥቶ ወደ ሌላ ዱር ይሄድ ነበር። እንጦጦም እንዲሁ ሆነ። ጥይት ሳይተኰስ፥ ጠላትም ድንበር ሳያልፍ፥ ተራራው የጦር ሰፈር በመሆኑ ብቻ ጥዱ ከሰው ቀድሞ ዘመተ ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሰው ከዘመቻ ይመለሳል፤ ይህ ዘማች ግን አልተመለሰም።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ በጫኑ ጊዜ፥ እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አጠገብ የወደዱትና አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት ሜዳ ከተማ መሆን ጀምሮ ነበር። ቤተ መንግሥቱም ሰፈሩም ከተራራው ወደዚያ ወረደ። ሰፈሩ ወረደ እንጂ ምሳሩ ግን ከተራራው አልወረደም፤ በታች ለሚሠራው ቤትና ለሚነደው እሳት ሁሉ እንጨቱ ከላይ ይመጣ ነበርና። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ተነግሮ በጥቅምት ሠራዊቱ በወረኢሉ በኩል ወደ ሰሜን ሲነሣ፥ ከከተማዪቱ በላይ ያለው ተራራ ብዙው ዛፉ ተመንጥሮ ነበር። የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ እግዚአብሔር ድል ሰጠ። ዘማቹም በደስታ ተመልሶ ሲመጣ በሚሞቀው እሳት ነገር ተቸገረ።

ችግሩ ቀላል አልነበረም። ከዐድዋ በኋላ ጥቂት ዓመት ቈይቶ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ትተው ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ምክንያቱም የእንጨት እጦት ነበር። ዛሬ በአዲስ ዓለም የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የቆመው ለዚያ ቤተ መንግሥት በታሰበው ስፍራ ነው። ከተማዪቱን ከመፍለስ ያዳናት ከሩቅ አገር ከአውስትራልያ የተገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ፍሬውን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ያስመጣው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊ ሞንዶን ቪዳይሌ ነው ይባላል። ችግኙም ለሕዝቡ ታደለ፤ ሰውም በየግቢው ተከለ። እንግዳው ዛፍ በጥቂት ዓመት ከቤት በላይ ሆነ። አዲስ አበባ ዋና ከተማ ሆና የቀረችው በዚህ ዛፍ ነው ማለት ማጋነን አይደለም። ባሕር ዛፍን መሬት ያደርቃል ብለው የሚነቅፉት ብዙ ናቸው፤ ነቀፋውም መሠረት አለው። ነገር ግን ውለታውን ሳይናገሩ ጥፋቱን ብቻ መቍጠር ፍርደ ገምድልነት ነው።

በሁለቱ ዛፎች መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ይገባል፤ የዚህ ታሪክ ምሥጢር በእርሱ ላይ ነውና። ባሕር ዛፍ ሲቈርጡት ከጕቶው ያቈጠቍጣል፤ አንዱ ግንድ በሄደበት ሦስትና አራት ይተካል። በጥቂት ዓመትም ለማገር፥ ቀጥሎም ለምሰሶ ይደርሳል። ጥድ ግን ከተቈረጠ ጕቶው አያቈጠቍጥም። ዘሩ ወድቆ ጥላ ባለበት ለስላሳ አፈር ካልበቀለ፥ በቅሎም ከፍየልና ከከብት ካልተጠበቀ ነገሩ በዚያው ያበቃል። አንዱ ቢሞት ልጅ ይተካል፤ ሌላው ሲሞት ዘሩ ይቋረጣል። እንጦጦም ጥድ ለብሶ ገብቶ ባሕር ዛፍ ለብሶ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዐድዋ ድል 40 ዓመት ሲሞላ ፋሽስት ኢጣልያ በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ታጅቦ ተመለሰ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ብቻ እንዳለፈ፥ ሐምሌ 21 ቀን፥ አርበኞች ከተማዪቱን ለማስለቀቅ በየአቅጣጫው ተነሡ። ከሰላሌ በኩል የልዑል ራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው ደጃዝማች አስፋ ወሰን፥ ደግሞም በኋላ ራስ የሆኑት አበበ አረጋይ፥ ከሌላውም ወገን ደጃዝማች ፍቅረ ማርያምና ሽማግሌው ደጃዝማች ባልቻ በዚህ ነገር ነበሩበት። ከሰሜን የመጣው ጦር ይህን ተራራ ተሻግሮ ነው ወደ ከተማው የወረደው። ጊዜው ክረምት ነበርና ጭቃውና የወንዙ ሙላት ሠራዊቱን ከሠራዊት ለየው፤ አንዱ ሲደርስ ሌላው ዘገየ፤ መላላኪያም አልነበረም። ጠላት በመትረየስና በአውሮፕላን መለሳቸው። በማግስቱ ሐምሌ 22 ቀን ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን ተቀበሉ። የራስ ካሣ ልጆችም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ።

በዚያ የሐምሌ ቀን አርበኛው ወደ ከተማ ሲወርድ፥ ሲመለስም ጥይት ከኋላው ሲከተለው፥ የሸፈነው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነበረ። ጥዱ ቢኖር ኖሮ ውጊያው በሌላ መልክ ይፈጸም ነበር ብሎ መናገር አይቻልም፤ የድሉንና የሽንፈቱን ምክንያት በዛፍ ላይ መጫን ሥራ ፈትነት ነው። ነገር ግን ጥድና ወይራ ተደባልቀው የቆሙበት ዱር ከሥሩ ጥሻ ያለው ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከበታቹ እምብዛም ሣር አያበቅልም፤ ግንዱም ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ዓይን አያቆምም። ይሁን እንጂ በ1880ዎቹ ዓመታት የነበረው ራቁት ተራራ ቢሆን ኖሮ ያም አይገኝም ነበር። ስለዚህ እንግዳው ዛፍ በአገሩ ዛፍ ስፍራ ቆሞ የአገሩን ሰው ከልሏል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በጣሉ ጊዜ የሆነው ለዚህ ደብር ሕዝብ ከሌላ አገር የመጣ ወሬ አይደለም። ስድስት ኪሎ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የቀበና ወንዝም ሰፈሮቹን እያዋሰነ ይወርዳል። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በየቤቱና በየመንገዱ ተገደለ፤ ጎጆ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሳት ተለቀቀበት። የሞተውን ሰው ቍጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎ አስታውቋል፤ በኋላ ነገሩን በዝርዝር የመረመረ የታሪክ ጸሓፊ ደግሞ ወደ 19,000 ገምቶታል። የተረፈውም ከከተማ ወጥቶ ወደ ገጠርና ወደ ዱር ሸሸ፤ ከሸሹት ብዙዎች በዚያው አርበኛ ሆኑ። ግንቦት 13 ቀን በዚያው ዓመት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጥይት አለቁ። በእነዚያ ወራት ከቤት ይልቅ ዛፍ የታመነ ነበር፤ ቤት ይቃጠላል፤ ቤት ይፈተሻል።

ከዚህ በኋላ አምስቱ ዓመት ተፈጸመ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጎጃም በደብረ ማርቆስና በፍቼ መንገድ መጥተው፥ ወደ አዲስ አበባ ከመውረዳቸው በፊት በእንጦጦ ማርያም ቆመው ጸሎት አደረሱ። ምኒልክ ዘውድ በጫኑበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ምስጋና ሲቀርብ፥ በዙሪያው ካለው ተራራ የጥንቱ ጥድ የቀረው በአብዛኛው በአድባራቱ ቅጽር ውስጥ ነበር። የንግሡን ዘመን ያየው ዱር የነጻነቱን ቀን አላየም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጥ መነገር አለበት። በጦርነቱ ዘመን ለጠፋው ነገር ሁሉ ጠላትን መክሰስ ቀላል ነው፤ ጠላትም ብዙ ጥፋት ስላለበት አንድ ቢጨመርበት የሚሟገትለት የለም። ግን ጥዱን ኢጣልያ አልጨረሰውም፤ እኛ ነን የጨረስነው፤ ያውም በመልካም ዘመን፥ በድል ዘመን። ጠላት ባላደረገው መወቀሱ ላደረገው የሚገባውን ወቀሳ ያሳንስበታል። ነቢዩ ኢሳይያስም የባቢሎን ንጉሥ በወደቀ ጊዜ የሊባኖስ ዝግባ እንደ ተደሰተ፥ ከእንግዲህ የሚቈርጠው እንደማይመጣበት ተስፋ እንዳደረገ ይናገራል። የሊባኖስ ዝግባ ደስ ያለው ቈራጩ ባዕድ ስለ ነበረ ነው። የእንጦጦ ጥድ በማን መውደቅ ደስ ይበለው?

ለሰዎቹ መታሰቢያ ተደርጎላቸዋል፤ ተገቢም ነው። ለየካቲት 12 ሰማዕታት በስድስት ኪሎ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ለአቡነ ጴጥሮስም እንዲሁ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ሲባል ከስፍራው ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ ብዙ ሰውም አዘነ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ ስፍራው ተመለሰ። ሐውልት እንዲህ ነው፤ ያነሡታል፥ ይመልሱታል። ዛፍን ማንሣት እንጂ መመለስ የለም።

በሌላው ዓለም ይህን ነገር ቀድመው ያሰቡበት አሉ። በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች ተሸሽጋ የነበረች አን ፍራንክ የምትባል ብላቴና በመስኮት የምታየው አንድ ትልቅ ዛፍ ነበረ። ብላቴናዪቱ ተይዛ ሞተች፤ ዛፉ ግን ቈይቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. በነፋስ ተሰብሮ ወደቀ። ሆኖም አስቀድሞ ዘሩን ሰብስበው ችግኝ አፍልተው ስለ ነበረ ልጆቹ ዛሬ በብዙ አገር በቅለዋል። በጃፓንም በሂሮሺማ ከአቶም ቦምብ የተረፉትን ዛፎች ከተማዪቱ እንደ አረጋውያን እየጠበቀች በእያንዳንዳቸው ላይ ምልክት አድርጋባቸዋለች።

በእኛ አገር ግን ይህን ሥራ ማንም ሳያዝዛት ስትሠራ የኖረች ቤተ ክርስቲያን ናት። በዙሪያው ያለው ደጋ ሁሉ ሲመነጠር የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ሳይነካ ቀረ፤ ከዐጸዱ እንጨት መቍረጥ ነውርም ኀጢአትም ሆኖ ይቈጠር ነበርና። አንድ መንገደኛ ከሩቅ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን የሚያውቀው ጣራውን ሳያይ ዛፉን አይቶ ነው። የቅኔ ተማሪም መምህሩ ነገሩን ከነገሩት በኋላ ከጓደኞቹ ተለይቶ ቅኔውን የሚቈጥረው በዚሁ ዛፍ ሥር ነው፤ በጎንጅና በዋሸራ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከዛፉ ሥር ያልተቈጠረ ቅኔ ምን እንደሚመስል ለማየት ዘመኑ ተቃርቧል።

አሁን ግን ፈተናው ከውጭ ወደ ቅጽር ውስጥ ገብቷል። በከተማ ያሉ አድባራት ሕዝቡ ስለ በዛ ቦታ ጠበባቸው፤ አዳራሽ ይሠራል፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ይሠራል፥ ለገቢም የሚከራይ ቤት ይሠራል። ይህ ሁሉ ለአገልግሎት ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ግቢው ሁሉ በሲሚንቶ ሲለበስ ሥሩ ውሃ ያጣል፤ መሠረት ሲቈፈርም ሥሩ ይቈረጣል። ዛፉ በዚያው ዓመት አይሞትም፤ ጥድ በሁሉ ነገር የዘገየ ነውና ሞቱም የዘገየ ነው። ሕንፃው ከተመረቀ ብዙ ዓመት በኋላ ጫፉ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ይወድቅና ሰው ይጎዳል ተብሎ ይቈረጣል፤ ምክንያቱንም የሚያስታውስ አይገኝም። የምኒልክ ምሳር እንኳ ሲቈርጥ ድምፁ ይሰማ ነበር።

በእንጦጦ ተራራ ላይ የኢትዮጵያ ቅርስ ባላደራ ማኅበር ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፍ ለመተካት ብዙ ዘመን ደክሟል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ሕዝብ ሊጐበኘው ይወጣል። እንደዚህ ላለ ሥራ ዘር የሚገኘው ደግሞ ከቆመው ጥድ ነው፤ የቆመውም ጥድ የሚገኘው በየአድባራቱ ነው።

ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው ርስት ወደ ባለ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። ጥድን ወደ ርስቱ ለመመለስ የሚያስብ ግን አስቀድሞ የዛፉን ጠባይ ማወቅ አለበት። ጥድ ወንዴና ሴቴ ሆኖ በተለያየ ዛፍ ይበቅላል። ወንዴው ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል፤ ሴቴዪቱ ከነፋስ ተቀብላ ያቺን ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ ትይዛለች፤ ፍሬዋም እስኪበስል አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቈያል። ለሰው የማይበላውን ያን ፍሬ ወፎች ይበሉታል፤ ዘሩንም ወስደው ይጥሉታል። ስለዚህ በአንድ ቅጽር ብቻዋን የቀረች ጥድ፥ ምንም ሦስት መቶ ዓመት ብትቆም፥ በነፋሱ መንገድ ላይ በሌላ ደብር ቅጽር ወንዴ ጥድ ካልቆመላት ዘር አትሰጥም። ከየካ እስከ እንጦጦ ያሉ አድባራት እያንዳንዳቸው በግቢያቸው የቀረውን ጥድ ቈጥረው፥ ወንዴውን ከሴቴው ለይተው በደብሩ መዝገብ ቢጽፉት የአንድ ቀን ሥራ ነው።